“ጭሱ ነው፣ ውሃው ነው”፦ ስለ እንግሊዝኛ አክሰንት አመጣጥ የሚነገሩ ግምቶች ሲመረመሩ

“ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል” ይላሉ አባቶቻችን። ሰው የሚመዘነው በሚናገረው ነገር ነው ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጥና፣ ተማሪው ምን እንዳለ ሳይሆን በምን ቅላጼ እንዳለው፣ ማለትም አክሰንቱ፣ ሲፈረድበት እናያለን። ከፍርዱ ጋርም ሁልጊዜ አንድ ማብራሪያ አብሮ ይመጣል። “እንግሊዞች አፋቸውን የማይከፍቱት ከብርዱ የተነሳ ነው”፣ “አሜሪካኖች ቋንቋውን አበላሽተውት ነው”፣ “የኛ ምላስ ለእንግሊዝኛ አልተፈጠረም”፣ “ውሃው ነው” ይባላል። መምህራን ሻይ ላይ፣ ተማሪዎችም ፊልም አይተው ሲወጡ ይህን የመሰለ ነገር ሳይነሳ አይቀርም።

እነዚህ ሁሉ እንግዲህ ቲዎሪዎች ናቸው። ቲዎሪ ማውጣት ደግሞ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ስለየአገራቸው አክሰንት ከኛ የበለጠ ብዙ ግምት አውጥተዋል፤ አንዳንዱ አዝናኝ ነው፣ አንዳንዱ ግማሽ እውነት አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ስድብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከታወቁት መካከል ጥቂቶቹን አንስተን እንመዝናለን። ይህን የምናደርገው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ “አፍህ እንዲህ ሆኖ ተፈጥሮ ነው” የሚለውን ካመነ እጁን ማውጣት ይተዋል። ዝም ያለ ተማሪ ደግሞ ቋንቋ አይማርም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መመዘኛችን ምንድን ነው?

ግምትን በግምት መመለስ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቲዎሪ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርብለታለን። አንደኛ፣ ጊዜው ይገጥማል ወይ? ምክንያት የተባለው ነገርና አነጋገሩ በዘመን መገናኘት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ያው ምክንያት ሌላ ቦታ ሲገኝ ያንኑ ውጤት አምጥቷል ወይ? ሦስተኛ፣ በዚያ ቦታ የሚያድጉት ልጆች ይሰሙ የነበረው ማንን ነው? ሦስቱን የሚያልፍ ቲዎሪ ጥሩ ቲዎሪ ነው። በአንዱ የወደቀ መሻሻል አለበት፤ በሦስቱም የወደቀ ተረት ሆኖ ይቅር።

የሊቨርፑል አፍንጫ

ሊቨርፑል በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ኳስ ወዳዶች ስሟን ታውቁታላችሁ። የነዋሪዎቿ አነጋገር “ስካውስ” ይባላል፤ ስሙ የመጣው “ሎብስካውስ” ከሚባል የመርከበኞች ወጥ ነው። ይህ አነጋገር አፍንጫው የተደፈነ ሰው ድምፅ ይመስላል ስለሚባል፣ የከተማው ጭስና እርጥበት የሰውን አፍንጫና ጉሮሮ አሳብጦ አክሰንቱን አመጣው የሚል ወሬ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል።

እስቲ ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቀው። ማንቸስተር ከሊቨርፑል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥጥ ፋብሪካዎቿ ጭስ በዓለም የታወቀ ነበር። አየሩ ያው እርጥብ አየር ነው። የማንቸስተር ሰው ግን እንደ ሊቨርፑል ሰው አይናገርም። ጭሱ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ድምፅ ባወጡ ነበር።

ታዲያ ሊቨርፑል ውስጥ የተለየው ነገር ምንድን ነው? ወደቡ ያመጣው ሰው ነው። በአየርላንድ በ1845 የድንች ረሃብ ሲነሳ እጅግ ብዙ ሰው ባሕሩን ተሻግሮ ሊቨርፑል ገባ። በ1851 በተደረገው ቆጠራ ከከተማው ነዋሪ ከመቶ 22 ያህሉ አየርላንድ ውስጥ የተወለደ ነበር። ከዌልስና ከስኮትላንድ የመጣውም ብዙ ነው። ይህን ይዘው “ስካውስ ማለት የአየርላንድ አክሰንት ነው” የሚሉ አሉ። ይህ ከጭሱ ወሬ በጣም ይሻላል፤ ጊዜውም ይገጥማል፣ ልጆቹ ማንን ይሰሙ እንደነበርም ይናገራል። ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ግላስጎውም በዚያው ዘመን ብዙ የአየርላንድ ሰው ተቀብላለች፤ አነጋገሯ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን ያመጣው እንግዳው ብቻ ሳይሆን እንግዳው ከማን ጋር እንደተቀላቀለ ነው። አንዱ ቅመም ከሽሮም ከምስርም ጋር ሲገባ ወጡ አንድ አይሆንም።

የአፍንጫውንም ነገር ቢሆን ዝም ብለን አንለፈው። የኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲው የፎነቲክስ መምህር ዴቪድ አበርክሮምቢ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ጥሩ ነገር አስተውለዋል። አፍንጫቸው ምንም ያልሆነ ጤነኛ ሰዎችም ያንን የተደፈነ ድምፅ ያወጣሉ፤ ምክንያቱም በዙሪያቸው ካሉት ሰዎች ተምረውታል ይላሉ። ምን ለማለት ነው? ድምፁ መጀመሪያ ከየትም ይምጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በበሽታ ሳይሆን በጆሮ ነው።

የመዝገበ ቃላቱ ሊቅ ግምት

ግምት የተራ ሰው ብቻ ነው እንዳይባል አንድ ትልቅ ሰው እንጥቀስ። ኖኣ ዌብስተር አሜሪካዊ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። በ1783 ያወጡት የፊደል መጽሐፍ በብዙ ትውልድ ተማሪዎች እጅ ገብቷል፤ በ1828 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ደግሞ ስማቸውን እስከ ዛሬ አስጠርቷል። እኚህ ሰው በ1789 ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ባሳተሙት የጥናት መጽሐፍ ውስጥ የኒው ኢንግላንድ ሰው፣ ማለትም የራሳቸው አገር ሰው፣ ለምን ንግግሩን እንደሚጎትትና በአፍንጫው እንደሚናገር አብራርተዋል።

ቲዎሪያቸው እንዲህ ነው። ባሪያና አሽከር የሚያዝ ጌታ ቆፍጠን ብሎ መናገር ይለምዳል። በኒው ኢንግላንድ ግን ባሪያው ጥቂት፣ ሰዉም እኩል ነው። ስለዚህ እርስ በርሱ በትእዛዝ ሳይሆን በምክርና በጥያቄ መልክ፣ እያመነታ ይነጋገራል፤ መጎተቱም ከዚህ የመጣ ነው ይላሉ።

ይህን ቲዎሪ እንወደዋለን። አክሰንትን ከአየር ወይም ከአፍንጫ ቅርጽ አላመጡትም፤ ሰው ከሰው ጋር ከሚኖረው ኑሮ ፈለጉት። የራሳቸውን ሕዝብ አነጋገርም የስንፍና ምልክት አላደረጉትም፣ የእኩልነት ምልክት አደረጉት እንጂ። ሆኖም መመዘኛውን አያልፍም። ዛሬ በአሜሪካ “የሚጎተት ንግግር” ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ደቡቡ ነው፤ ያውም የባሪያ ጌቶች አገር የነበረው። ይህ ስለ 1789 ብዙ ባይነግረንም “ማዘዝ ንግግርን ያፈጥናል” የሚለው ሕግ በሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ያሳያል። ሦስተኛውን ጥያቄም ዌብስተር በቂ ቦታ አልሰጡትም። በ1630ዎቹ ወደ ኒው ኢንግላንድ የፈለሱት 20,000 ያህል እንግሊዛውያን ሲሆኑ ከነሱ ብዙዎቹ ከምሥራቅ እንግሊዝ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች የሰሙት የነዚህን ሰዎች አፍ ነው። ስለ ጠባይ ከመጠየቅ በፊት ስለ ወላጅና ስለ ጎረቤት መጠየቅ ይቀድማል።

ዴንማርኮችና “ካፕ”

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። የሰሜን እንግሊዝ ሰው ለኩባያ “ካፕ” ሳይሆን “ኩፕ” ወደሚል የቀረበ ድምፅ ያወጣል። ለዚህም “ቫይኪንጎች ያመጡት ነው” የሚባል ማብራሪያ አለ። ቫይኪንጎቹ፣ በተለይ ዴንማርኮቹ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝን ሰሜንና ምሥራቅ ይዘው መኖራቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ለቋንቋውም ብዙ ሰጥተዋል። “ስካይ” (ሰማይ)፣ “ኤግ” (እንቁላል)፣ “ዊንዶው” (መስኮት)፣ እንዲያውም “ዘይ” (እነሱ) የሚለው ቃል ሳይቀር ከነሱ የመጣ ነው። እንደ ግሪምስቢና ዊትቢ ያሉት በ“ቢ” የሚያልቁ የከተማ ስሞችም የነሱ አሻራ ናቸው።

ታዲያ “ኩፕ” የነሱ ነው ወይ? አይደለም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን አንደኛው ጥያቄ ነው፤ ጊዜው። በጥንት ጊዜ በመላው እንግሊዝ ድምፁ ወደ “ኩፕ” የቀረበ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ሰው ድምፁን ለሁለት ከፈለው፤ አንዳንዱን ቃል እንደ ድሮው ተወው፣ ሌላውን ወደ “ካፕ” ቀየረው። ሰሜኑ አልተከተለም። ይህ የሆነው ዴንማርኮች ከገቡ ከ700 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ “ሰሜኑ ለምን እንዲህ ሆነ?” የሚለው ጥያቄ ራሱ የተገለበጠ ነው። የሄደው ደቡቡ ነው፣ ሰሜኑማ ቤቱ ተቀምጧል።

ይህ ለክፍላችን ቀጥተኛ ጥቅም አለው። “መምህር፣ ‘ፑት’ እና ‘ባት’ በአንድ ፊደል ተጽፈው ለምን በሁለት ድምፅ ይነበባሉ?” የሚል ጥያቄ ያልቀረበለት የእንግሊዝኛ መምህር የለም። መልሱ ይኸው ነው። ጽሕፈቱ ሳይለወጥ ደቡቡ ድምፁን ከፈለው። በሰሜን እንግሊዝ ዛሬም ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ። ይህ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን ለያይተን እንጽፋለን፤ ስናነብ ግን በአንድ ድምፅ ነው። ፊደላችን በጥንት ጊዜ የነበረውን የድምፅ ልዩነት ይዞ ቆይቷል፤ አፋችን ግን ትቶታል። እንግሊዝኛም “ናይት” (ባላባት) የሚለውን ቃል ዛሬም በ“ኬ” ፊደል ጀምሮ የሚጽፈው ድሮ “ክ” ይሰማ ስለነበር ነው። ጽሕፈት የአፍ ታሪክ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

ቋንቋውን ያበላሸው ማነው?

አሜሪካዊው “ካር” ሲል መጨረሻ ላይ “ር” ይሰማል። የለንደኑ ሰው ግን “ካ” ብሎ ያስረዝመዋል። ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ቲዎሪዎች ተወልደዋል። አንዱ “አሜሪካኖች አበላሹት” ይላል። ሌላው “አሜሪካኖች፣ በተለይ የአፓላቺያ ተራራ ሰዎች፣ የሼክስፒርን እንግሊዝኛ ሳይነካ ይዘዋል” ይላል።

የመጀመሪያው በጊዜ ይወድቃል። እንግሊዞች በ1607 ጄምስታውንን ሲመሠርቱ በእንግሊዝም “ር” ይነገር ነበር። ድምፁ በለንደን አካባቢ እየላላ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በ1791 የአነባበብ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ጆን ዎከር በለንደን “ር” በጣም መላላቱን ጽፈዋል። ስለዚህ በዚህ በኩል የቀየረው ለንደን ነው። ሁለተኛው ቲዎሪ እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለው፤ ከዚያ አልፎ ግን ይጋነናል። በ1616 የሞቱት የሼክስፒር ዘመን ሰዎች አይደሉም ተራራውን በብዛት የሰፈሩበት። አብዛኛው ሰፋሪ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ብዙዎቹም ከሰሜን አየርላንድ የመጡ ናቸው። ደግሞስ 300 ዓመት ሙሉ ሳይለወጥ የተቀመጠ ቋንቋ የት አለ? ሰው በተናገረው ቁጥር ይለወጣል።

“ይህ ድምፅ የሰነፍ ነው፣ ያ የጨዋ ነው” ለሚሉት ደግሞ ከኒው ዮርክ የተገኘ ማስረጃ አለ። ዊሊያም ላቦቭ የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ1962 በሦስት ትልልቅ መደብሮች፣ በውዱ፣ በመካከለኛውና በርካሹ፣ እየዞሩ ሻጮችን ጠየቁ። የሚጠይቁት ዕቃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ነበር፤ መልሱ “ፎርዝ ፍሎር” እንዲሆን ነው፤ ሁለቱም ቃላት “ር” አለባቸው። በውዱ መደብር ከመቶ 62 ሻጮች፣ በመካከለኛው 51፣ በርካሹ 20 ሻጮች “ር”ን በሙሉ ወይም በከፊል አሰምተዋል። በኒው ዮርክ እንግዲህ “ር” ማሰማት የትልቅነት ምልክት ነው። በእንግሊዝ ግን “ር”ን የሚያሰማ ሰው ባላገር ነው ይባላል። ድምፁ አንድ ነው፤ የሚለያየው ፍርዱ ነው። በአንዱ አገር የተማረ፣ በሌላው ባላገር የሚያሰኝ ድምፅ በራሱ ጨዋ ወይም ሰነፍ ሊሆን አይችልም።

ስካሩና ልጆቹ

የመጨረሻው ቲዎሪ ከሁሉም የባሰው ነው። በ2015 በአንድ የአውስትራሊያ ጋዜጣ ላይ በወጣ አስተያየት፣ የአውስትራሊያ አክሰንት የመጣው የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሰካራሞች ስለነበሩ ነው ተብሎ ተጻፈ። እስረኞችን የጫኑ መርከቦች በ1788 አውስትራሊያ መግባታቸው እውነት ነው፤ መጠጡም አልጠፋም ይሆናል። ግን ኒው ዚላንድን እንመልከት። እሷ የእስረኞች ቅኝ አገር አልነበረችም፤ የእንግሊዞች ሰፈራ በስፋት የጀመረው በ1840 ነው። አነጋገሯ ግን ከአውስትራሊያው ጋር በጣም ይቀራረባል። ስካር ከወላጅ ወደ ልጅ በአክሰንት ይተላለፋል ማለትስ ምን ማለት ነው?

ኒው ዚላንድ ግምት ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ሰጥታናለች። ከ1946 እስከ 1948 የአገሪቱ ሬዲዮ የድምፅ መቅረጫ በመኪና ጭኖ በየገጠሩ እየዞረ የሽማግሌዎችን ትዝታ ቀዳ። ከተናጋሪዎቹ አንዳንዶቹ በ1850ዎቹ የተወለዱ ነበሩ። ኋላ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቅጂዎቹን ሲያዳምጡ፣ እዚያው የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ልጆች አነጋገራቸው የተዘበራረቀ፣ በአንድ ቦታ ያደጉት ሳይቀሩ እርስ በርስ የማይመሳሰል ሆኖ አገኙት። ከነሱ በኋላ የመጡት ግን እየተመሳሰሉ ሄዱ። አክሰንት ሲወለድ በጆሯችን እንደመስማት ነው።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሚልተን ኪንስ የምትባለው አዲስ ከተማ በ1967 ተቆረቆረችና ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ፖል ከርስዊልና አን ዊሊያምስ በ1990ዎቹ የ4፣ የ8 እና የ12 ዓመት ልጆችን አነጋገር አጠኑ። ትንንሾቹ እንደ ወላጆቻቸው ይናገራሉ፤ ከፍ ያሉት ግን ወላጅ ከየትም ይምጣ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። አክሰንትን የሚሠራው አየሩ፣ አፍንጫው ወይም ጠባዩ ሳይሆን አብሮ የሚጫወት ልጅ ነው።

ወደ ክፍላችን

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? በጣም ያገባናል እንጂ! ከየአገሩ የመጣ ሰው አንድ ቦታ ሰፍሮ፣ ልጆቹ አንድ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ አዲስ አነጋገር ይወለዳል ካልን፣ ካምፓችን ምንድን ነው? የሱዳኑ፣ የሶማሊያው፣ የኮንጎውና የኢትዮጵያው ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በእርግጥ ልዩነት አለ። የሚልተን ኪንስ ልጆች እንግሊዝኛን ከቤታቸው ይዘው መጡ፤ ለኛ ልጆች ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የቤት ቋንቋ አሻራ ይጨመርበታል። አማርኛ ተናጋሪው “እስኩል”፣ “እስፖርት” የሚለው አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ አከታትሎ ስለማይወድ ነው። ዐረብኛ ተናጋሪው “ፓርክ”ን “ባርክ” የሚለው ቋንቋው “ፕ” ስለሌለው ነው። ይህም ቢሆን የልማድ ጉዳይ ነው፤ የምላስ አፈጣጠር ጉዳይ አይደለም። የእነዚሁ ሰዎች ልጅ ለንደን ቢያድግ እንደ ለንደን ልጅ ይናገራል።

መምህራን ሆይ፣ እንግዲህ ሁለት ነገሮችን እንለይ። መግባባትን የሚያጠፋ ድምፅ አለ። “ፓርክ” እና “ባርክ” በእንግሊዝኛ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱ መናፈሻ ነው፣ ሌላው የውሻ ጩኸት። ይህን ማለማመድ ተገቢ ነው። መግባባትን የማይነካ ቅላጼ ደግሞ አለ፤ እሱ ከየት እንደመጣን የሚናገር እንጂ የሚታረም ስህተት አይደለም። ሁለቱን ቀላቅሎ ሁሉንም በቀይ ብዕር ማስመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ “እናንተ እኮ አፋችሁ…” ብሎ መጀመር፣ የጭሱን ወሬ ወደ ክፍል ማምጣት ነው።

ተማሪዎችም አስቡበት። በሬዲዮ የምትሰሙት “ትክክለኛ” እንግሊዝኛ ራሱ የደቡብ እንግሊዝ ሰዎች ድሮ የነበረውን ቀይረው ያመጡት ነው። እነሱ ሲቀይሩ አክሰንት ያልተባለ፣ እናንተ ስትናገሩ ጉድለት የሚባልበት ምክንያት የለም። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ስለ አክሰንታችሁ ቲዎሪ ሲያወጣ አትቆጡ፣ አትፈሩም። ሦስቱን ጥያቄዎች አቅርቡለት፦ ጊዜው ይገጥማል? ሌላ ቦታስ ሠርቷል? ልጆቹ ማንን ነበር የሚሰሙት? ጥያቄዎቹንም በእንግሊዝኛ፣ በራሳችሁ ቅላጼ፣ ጮክ ብላችሁ ጠይቁት።